አማርኛ የምዝገባ ፎርም ስትሠሩ እንዳትሰናከሉ፦ የፍሮንት-ኤንድ መመሪያ በደረጃ

«የምዝገባ ፎርም ሥሩልን» ስትባሉ ሥራው የግማሽ ቀን ይመስላል። ስም፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ክፍያ፣ አንድ በተን፣ አለቀ። ላፕቶፓችሁ ላይ በላቲን ፊደል «ቴስት ቴስት» ብላችሁ ሞልታችሁ ትልኩታላችሁ፤ ይሠራል። ከዚያ ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ስልክም መጮህ ይጀምራል። «ስሜን አልቀበልም አለኝ።» «ሁለት ጊዜ ነው የተመዘገብኩት።» «የልጄን የልደት ቀን አሳስቶ ጻፈብኝ።»

የእነዚህ ጣጣዎች ምንጭ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ገጹ የተሞከረው በእንግሊዝኛ፣ በጥሩ ኮምፒውተርና በቢሮ ዋይፋይ ነው። ሰው የሚሞላው ግን በአማርኛ፣ በርካሽ ስልክ፣ ዳታው ሊያልቅ ሲል ነው። እዚህ የማሳያችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዚህ ሰው እየሠራችሁ እንዴት እንደምትሄዱ ነው። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት እንደምትችሉ ገምቻለሁ። ሪአክት ብትጠቀሙም ቪው፣ ችግሮቹ ያው ናቸው።

ደረጃ 1፦ መሞከሪያውን ከኮዱ በፊት አዘጋጁ

አንድ ባዶ ፋይል ክፈቱና የምትሞክሩባቸውን መረጃዎች ጻፉበት። ቀላል ስም አትምረጡ። «ገ/እግዚአብሔር» ይኑርበት፤ እዝባሯ ወሳኝ ናት። «ወልደ ጊዮርጊስ» ይኑርበት፤ ሁለት ቃል ሆኖ አንድ ስም ነው። «ሣራ» ትኑርበት፤ በላቲን አራት ፊደል ናት፣ በእኛ ሁለት። ስልክ በ09፣ በ07፣ በ+251፣ እንዲሁም በመሃል ክፍተት እየተደረገ የተጻፈ ይኑር። የልደት ቀን ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 አድርጉት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ክሮም ላይ ኤፍ12ን ተጫኑና የስልክ ስክሪን የሚያስመስለውን ሁነታ ክፈቱ። ስፋቱን 320 ፒክሰል አድርጉት። ኔትወርክ በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱት። ይህ እውነተኛ ስልክን አይተካም፤ ስለዚህ አንድ አሮጌ አንድሮይድ ከቤተሰብም ቢሆን ተዋሱ። በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ካገናኛችሁት የስልኩን ኮንሶል ላፕቶፑ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ የገጹ ራስ ላይ ያሉ ሦስት መስመሮች

የመጀመሪያው ቻርሴት ነው። ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ንገሩት፣ ከርዕሱም በፊት አስቀምጡት። ብሮውዘሩ ይህን መስመር የሚፈልገው በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ነው። ከላዩ ረጅም ስክሪፕት ከደረደራችሁ ላያገኘው ይችላል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነገሩ ሲበላሽ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ሁለት ሦስት እንግዳ ምልክት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። እንዲህ ካያችሁ ፎንት ለመቀየር አትሩጡ። ፎንት ሲጠፋ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው፣ በሽታው ሌላ ነው።

ሁለተኛው የገጹ ቋንቋ ነው። አብዛኛው ሰው ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ ስለሚጀምር «እንግሊዝኛ» እንደተባለ ይቀራል። ክሮምም «ይህን ገጽ ልተርጉምላችሁ?» እያለ ሰውን ሊያስቸግር ይችላል፣ ለዓይነ ሥውራን የሚያነበውም ሶፍትዌር አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበንበው ይሞክራል። የአማርኛውን ኮድ አስገቡ።

ሦስተኛው ቪውፖርት ነው፤ እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን እንደ ዴስክቶፕ አሳንሶ ያሳየዋል። ሰው በሁለት ጣቱ እንዳያሰፋ የሚከለክለውን ትእዛዝ ግን አትጨምሩበት። የወላጆቻችንን ዓይን አስቡ።

ደረጃ 3፦ ፎንትና አቀማመጥ

ሲኤስኤሱ ላይ ሮቦቶ ወይም ኢንተር ብላችሁ ከጻፋችሁ አማርኛው በእነሱ አይታይም። የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ብሮውዘሩ ዝም ብሎ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ይወስዳል፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ኬፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ስፋታቸውም ቁመታቸውም ይለያያል። እናንተ ጋ በአንድ መስመር ያለቀው ርዕስ ሌላው ጋ ሁለት መስመር የሚሆነው ለዚህ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ። በዎፍ2 ቅርጽ አስገቡት፣ የምትፈልጉትን ውፍረት ብቻ ውሰዱ፣ ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይም ፎንት-ዲስፕሌይ የሚለውን «ስዋፕ» አድርጉት። ነጭ ገጽ ላይ ፊደል የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ዘግቶ ይሄዳል።

የመስመር ከፍታን 1.6 ወይም 1.7 አድርጉት፣ ያለ ፒክሰል፣ ቁጥሩን ብቻ። ለላቲን የሚበቃው 1.2 ፊደሎቻችንን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። ፒክሰል ከጻፋችሁ ደግሞ ትልቁ ርዕስ የትንሹን ጽሑፍ ከፍታ ወርሶ ይደራረባል።

የበተን ቁመት አትወስኑ። «ላክ» የሚለው ነገ «ምዝገባውን አጠናቅቅ» ይሆናል፣ ከሳጥኑም ይወጣል። ትንሹን ቁመት ብቻ ስጡና ቀሪውን ለፓዲንግ ተዉት። የኛ ቃል ደግሞ ይረዝማል። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የምትለዋ አንዷ ቃል ጠባብ ካርድ ውስጥ ስትገባ ገጹን በሙሉ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ብሮውዘሩ በመሃል የሚሰብርበትን አያውቅም። ኦቨርፍሎው-ራፕ የሚለውን አብሩ። ፍሌክስ ውስጥ ያለ ሳጥን አልጠብም ካለ ትንሹን ስፋት ዜሮ አድርጉለት፤ ብዙ ሰዓት የሚያስፈልግ የሚመስለው ችግር በዚህች መስመር ይፈታል። ቦክስ-ሳይዚንግን መጀመሪያውኑ ቦርደር-ቦክስ ማድረግንማ ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አልፈዋለሁ።

አይታሊክ ተዉ። የግዕዝ ፎንቶች ዘመም ያለ ቅርጽ ስለማይኖራቸው ብሮውዘሩ ራሱ ይገፋቸዋል፣ የወደቁ ይመስላሉ። ማጉላት ከፈለጋችሁ ደማቅ ወይም ቀለም ይበቃል።

አይፎን ላይ አንድ ነገር አለ። የመጻፊያ ሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክሰል ካነሰ ሳፋሪ ሳጥኑ ሲነካ ገጹን ራሱ ያሰፋዋል፣ ሰውየውም ወደ ጎን እየጎተተ ነው የሚሞላው። 16 አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ስምና ስልክ

ብዙ ፎርም የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ከውጭ ፎርም ተገልብጠው ይመጣሉ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ሳጥን ሥሩ። የሳጥኑን መጠሪያ ከጎኑ በሌብል ጻፉት እንጂ ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ አታስቀምጡት፤ መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል፣ የትኛው ሳጥን ላይ እንደነበረም ይረሳዋል።

ከዚያ የሬጌክስ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የስም መፈተሻ «ከኤ እስከ ዜድ» ነው የሚለው። «ማንኛውም የቃል ፊደል» ይወክላል የሚባለው አቋራጭም ጃቫስክሪፕት ውስጥ የሚያውቀው ላቲንን ብቻ ነው። አማርኛ ለእሱ ምልክት ነው። የዩኒኮድ ፊደል ምድብን ከዩ ፍላግ ጋር ተጠቀሙ፣ ክፍተትን፣ ነጥብን፣ እዝባርንና አፖስትሮፍን ፍቀዱ። «ቢያንስ ሦስት ፊደል» የሚለውን ሕግ ደግሞ ሰርዙት፤ ሣራን ከበር ይመልሳታል። እንደኔ ከሆነ ስም ላይ ባዶ አለመሆኑን ብቻ አይታችሁ ብታልፉት ይሻላል። ሰው ስሙን ከእናንተ ኮድ በላይ ያውቀዋል።

አሁን ሰው ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ ኪቦርድ ሰ ለመጻፍ መጀመሪያ የኤስ ቁልፍ ይነካል፤ ስ ይወጣል። ቀጥሎ የኢ ቁልፍ ይነካል፤ ስ ጠፍቶ በቦታው ሰ ይተካል። ኮዳችሁ በየንክኪው እየገባ ክፍተት የሚቆርጥ ወይም «የተሳሳተ ፊደል» የሚያጠፋ ከሆነ ይህን ሂደት መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ሰውየው ሰ ብሎ ስእ ያገኛል፣ ወይም ጠቋሚው ወደ መጨረሻ ይዘልበታል። ስለዚህ በመጻፍ ላይ እያለ አትንኩት። የምታስተካክሉት ካለ ከሳጥኑ ሲወጣ አስተካክሉ። ኪዳውን የሚባለው ክስተት ላይም አትመኩ፤ አንድሮይድ ላይ የትኛውም ፊደል ቢነካ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ 229 የሚል ቁጥር ነው። «ኢንፑት» የሚለውን ክስተት አዳምጡ። ኢንተር ሲነካ የሚልክ ኮድ ካላችሁ ደግሞ ኢዝኮምፖዚንግ የሚለውን ምልክት አይቶ፣ ፊደሉ ገና እየተሠራ ከሆነ ይታገስ።

ስልክን እንደ ቁጥር አትዩት፤ ጽሑፍ ነው። የሳጥኑን ዓይነት «ነምበር» ካላችሁት ወደ ቁጥር ሲለወጥ ፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች፣ ኮምፒውተር ላይም የማውስ ጎማ ሲዞር ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። «ቴል» በሉት፤ ስልኩ ላይ የቁጥር ኪቦርዱ ይመጣል። ክፍተትና ሰረዝ እናንተ አጥፉ እንጂ ሰውየውን አትቆጡት። በ09 ወይም በ07 ከጀመረ ዜሮዋን በ+251 ተኩ። 07ን ረስተው የሳፋሪኮም ደንበኞችን የሚመልሱ ፎርሞች አሁንም አሉ። ልጁን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሆኖ የሚያስመዘግብ ወላጅ ካለም የውጭ ቁጥር ተቀበሉ። ኢሜይልን ግዴታ አታድርጉ።

ደረጃ 5፦ የልደት ቀን

ብሮውዘሩ በራሱ የሚያመጣው የቀን መምረጫ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። እናት የልጇን ልደት በኢትዮጵያ ነው የምታውቀው። በግምት ቀይራ ትሞላለች፣ ወይም 1995ን እንዳለ ትጽፋለች፣ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ስህተት ዳታቤዛችሁ ውስጥ ይገባል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት መምረጫዎች ሥሩ። ወሩ 13 ነው። ጳጉሜን ሲመረጥ የቀኑ ዝርዝር 5 ላይ ይቁም፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ 6 ይሁን። 1995 እንዲያ ነው፣ 1996 አይደለም።

ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ላይብረሪ ብትጠቀሙም ራሳችሁ ብትጽፉም በእነዚህ ፈትኑት። ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 1996 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003፤ መስከረም 1 ቀን 1997 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2004። «አዲስ ዓመት ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ የጃቫስክሪፕት ወጥመድ ይመጣል። ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ስትሰጡት ወሩ ከዜሮ ነው የሚቆጠረው፤ 9 ካላችሁት ኦክቶበር ይላችኋል። በጽሑፍ «2003-09-11» ብላችሁ ስትሰጡት ደግሞ በግሪንዊች የእኩለ ሌሊት ሰዓት ይወስደዋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ስትሞክሩ ከለሊቱ 9 ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ አይለወጥም፣ ምንም አይታያችሁም። ያንኑ ገጽ ዋሽንግተን ያለ ወላጅ ሲከፍተው ግን እዚያ ገና ሴፕቴምበር 10 ምሽት ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደችው ልጅ ጳጉሜን 5 ተብላ ትታያለች። ላፕቶፓችሁ ላይ አንድም ኤረር አታዩም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልደት ቀን ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ የሰዓት ዕቃ ውስጥ አትክተቱት። በጽሑፍ አስቀምጡ፣ በጽሑፍ ላኩ። ለማሳየት የግድ መለወጥ ካለባችሁ የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ብላችሁ ቆልፉት።

በአማርኛ ለማሳየት ብሮውዘሩ ውስጥ ኢንትል የሚባል መሣሪያ አለ። ቋንቋውን አማርኛ ስላላችሁት ብቻ ግን የኛን አቆጣጠር አያመጣም፤ «ሴፕቴምበር» ብሎ በአማርኛ ይጽፍላችኋል። ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት። ተሳስታችሁ የዓመተ ዓለሙን ከመረጣችሁ 1995 ሳይሆን 7495 ይመጣል፤ ለባሕረ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ለተማሪ ካርድ አይሆንም። ይህ መሣሪያ የሚያሳይ ብቻ ነው፣ በኢትዮጵያ የተጻፈን ቀን አንብቦ አይለውጥላችሁም።

የፈተና ሰዓት የምታሳዩ ከሆነ «2፡00» ብላችሁ አትተዉት። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ።

ደረጃ 6፦ ብሩ

ከሳጥን የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። የምዝገባው 500፣ የመታወቂያው 50 ከሆነና ሳትለውጡ ከደመራችኋቸው ስክሪኑ 50050 ብር ይላል። ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ቁጥር ለውጡ። ሰው «1,500» ብሎ በኮማ ከጻፈ ለውጡ ስለማይሳካ ኮማውን አስቀድማችሁ አውጡ። ሳንቲም ካለበት ደግሞ ሁሉን ወደ ሳንቲም ቀይራችሁ በሙሉ ቁጥር አስሉ፤ ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.3 ላይ በትክክል አያርፍም።

የሚከፈለውን ዋጋ የሚወስነው ሰርቨሩ ይሁን። ገጹ ላይ የተጻፈውን 550 ኤፍ12 የሚያውቅ ተማሪ 5 ሊያደርገው ይችላል። የክፍያ ድርጅቱ የሰጣችሁ ሚስጥራዊ ቁልፍም ጃቫስክሪፕት ፋይል ውስጥ ቦታ የለውም። ፋይሉን ማሳጠርና ማወሳሰብ አይደብቀውም፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

ደረጃ 7፦ መላክ

ኔትወርኩን 3ጂ ላይ እንዳስቀመጣችሁ በተኑን ተጫኑ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ እናንተም ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ ሰውም እንዲሁ ነው። ልክ ሲነካ በተኑን ዳግም እንዳይጫን ቆልፉና «እየተላከ ነው…» በሉ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ሰውየውም ገጹን አድሶ ድጋሚ ይልካል። ፎርሙ ሲከፈት አንድ ልዩ መለያ ፍጠሩ፣ ገጹ ሲታደስ እንዳይለወጥ ከረቂቁ (ተሞልቶ ገና ካልተላከው መረጃ) ጋር አስቀምጡት፣ አብራችሁም ላኩት፤ ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ካየ አዲስ ምዝገባ አይሥራ።

ፌች ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ቢመልስም ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ኤረር የሚወረውረው ጭራሽ መገናኘት ካልቻለ ነው። መልሱ «ኦኬ» መሆኑን ራሳችሁ ካላያችሁ ሰርቨሩ ወድቆ ሳለ ስክሪናችሁ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመዝግበዋል» ይላል። ከዚህ የከፋ የለም፤ ሰውየው ተመዝግቤያለሁ ብሎ አርፎ ይቀመጣል።

ሲሳካ የምዝገባ ቁጥሩን በትልቁ አሳዩ፣ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳዋል። ሳይሳካ የሞላውን አታጥፉበት። ረቂቁንም መለያውንም ሴሽን ስቶሬጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ገጹ ቢታደስም ይቆያል፣ ታቡ ሲዘጋ ይጠፋል። ሎካል ስቶሬጅ ግን ታቡ ቢዘጋም አይጠፋም። በኢንተርኔት ካፌ የሚሞላ ሰው ስልኩና ልደቱ ለቀጣዩ ተጠቃሚ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ የመዝገብ ሠራተኛዋ ፍለጋ

ፎርሙ አልቆ ዝርዝሩ ሲከፈት ሠራተኛዋ «ሀይሌ» ብላ ትፈልጋለች፣ ባዶ ይመጣል። ልጁ «ኃይሌ» ብሎ ነበር የጻፈው። ሌላው «ሃይሌ» ብሏል። ለኮምፒውተሩ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ኖርማላይዝ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝም አያዋህዳቸውም። ራሳችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሰባቱም ቅርጾች ተከትለው ይሂዱ። ዩኒኮድ ላይ ሠ ከ ሰ በ16 ቦታ ስለሚቀድም በቁጥር ደምሮ መለወጥም ይቻላል። ከዚያ ሀን ከ ሃ፣ አን ከ ኣ አንድ አድርጉ። የተለወጠውን በሌላ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ አስቀምጡት። የሰውየውን ስም እሱ እንደጻፈው ተዉት፤ ሰርተፊኬት ላይ የሚወጣው ያ ነው።

ፍለጋው እየተጻፈ የሚሠራ ከሆነ የቀደመው ጥያቄ መልስ ዘግይቶ መጥቶ አዲሱን ሊሸፍነው ይችላል። አዲስ ሲላክ የቀድሞውን በአቦርት ኮንትሮለር ሰርዙት። ስሞቹን ዝርዝሩ ላይ ስታስቀምጡም ቴክስት ኮንቴንትን ተጠቀሙ እንጂ ኢነር ኤችቲኤምኤልን አትጠቀሙ። ስም ሳጥኑ ውስጥ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፣ ኮዱም የሚሠራው በሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ፣ በእሷ ፈቃድ ነው።

ደረጃ 9፦ ስትለቁት

ስታስተካክሉ «እኔ ጋ ተስተካክሏል» የምትሉት፣ ሌላው ጋ ግን አሮጌው የሚታየው በካሽ ምክንያት ነው። ሰውን «ኮንትሮል ኤፍ5 ተጫን» ማለት ስልክ ላይ አይሠራም። የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ስም ከይዘታቸው ጋር የሚቀየር ይሁን፤ ቪትና መሰሎቹ መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። ዋናው የኤችቲኤምኤል ገጽ ግን ለረጅም ጊዜ እንዳይቀመጥ ሰርቨሩ ላይ ንገሩት።

ለሁሉም ከመልቀቃችሁ በፊት ሊንኩን ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩና ከዚያው ክፈቱት። ብዙው ሰው የሚገባው በቴሌግራም ውስጠኛ ብሮውዘር ነው፤ የፎቶ መጫኛውና የክፍያ ገጹ እዚያ ውስጥ መሥራታቸውን እዩ። ኦፔራ ሚኒንም ሞክሩ። ዳታ ቁጠባው ከፍተኛው ላይ ሲሆን ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው በራሱ ሰርቨር ስለሆነ ያማረው መምረጫችሁ ላይከፈት ይችላል። ፎርሙ እውነተኛ የፎርም ታግ፣ እውነተኛ በተንና መላኪያ አድራሻ ካለው ግን ያለ ጃቫስክሪፕትም ይላካል። በተን የሚመስል ዲቪ ከሠራችሁ አይላክም።